ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቤት ትኖራላችሁ?

ሆላንድ በገባሁ በሁለተኛው ወር ጎረቤቴ የሆነች አሮጊት ደረጃ ላይ አገኘችኝና ቡና ጋበዘችኝ። እኔም እንደ ሶዶ ልጅ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ ተከትያት ልገባ ስል፣ በሯ ላይ ቆም ብላ ከኪሷ ትንሽ የማስታወሻ ደብተር አወጣች። ገለጠች፣ ገለጠች፣ ሦስት ሳምንት ዘላ፣ "ሐሙስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይመችሻል?" አለችኝ። በሆዴ ሳቅሁባት። ቀኑ ደርሶ ስሄድ አንድ ስኒ ቡና ቀዳችልኝ፣ አንድ ብስኩት ሰጠችኝ፣ ከዚያም የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደነችው። ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ብድግ አለች፤ እኔም ብድግ አልኩ።

ዛሬ እዚያ አገር ስምንት ዓመት ሆኖኛል፤ እኔም ደብተር አለኝ። የሚያበላውን አገር እያማ እንደሚኖር ሰው መሆን አልፈልግምና እውነቱን ልናገር፤ ወድጄዋለሁ። አውቶቡሱ እመጣለሁ ባለበት ደቂቃ ይመጣል። ፀጉሬን እየታጠብኩ በሬን የሚደበድብ ሰው የለም። ቅዳሜዬ የራሴ ናት። እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ ይባል የለ?

ሶዶ ያደግሁበት ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው ወላይታ ከከረሙ ነጋዴዎች የተወለደ የጨርቅ ሻጭ ነበር። በገበያ ቀን ከሱቁ የተረፈ ሰው ሁሉ እቤታችን ይገባል። ገሱባ የሚመለስበት መኪና ያመለጠው እኛ ዘንድ ያድራል፤ ሐኪም ቤት ዘመድ ያስተኛ ሳምንት ይከርማል። ይመቻችኋል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላስታውስም። የማትሪክ ፈተናዬን ያጠናሁት ከእንግዳ ሸሽቼ ሽንኩርት ከሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ሰው የማይመጣበት አገር የት ይሆን እያልኩ እመኝ ነበር። እግዜር ሰማኝና ሰጠኝ።

ባለፈው ክረምት ለአሥር ቀን አገር ቤት ገባሁና ሶዶ ወንድሜ ቤት አረፍኩ። የአባቴ እህት፣ አክስቴ፣ ቦዲቲ ትኖራለች። አንድ ልጇ እኔ ካለሁበት ከተማ በባቡር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ የቲማቲም እርሻ ውስጥ ይሠራል፤ እናቱን በዓይኑ ካየ ስድስት ዓመት አልፎታል። ልነሳ ስል አንድ ምሥጢር ነገረኝ። ለመስቀል ሊመጣ ትኬት ቆርጧል። "በስልክ እንዳይሆን። አንቺ ፊት ለፊት ንገሪያትና ፊቷ እንዴት እንደሆነ ታጫውቺኛለሽ" አለኝ። እሑድ እሑድ ለእናቱ የመደወል ልማድ ነበረው። ድምፁን ከሰማች እንደምታውቅበት ስለገባው ሁለት እሑድ ሳይደውል ቀረ፤ ስትደውልም አላነሳም። እኔም ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ሆላንድ ውስጥ ሰው ዝም ካለ ሥራ በዝቶበት ነው። ሁለታችንም ዝምታ በእናት አገራችን ምን ማለት እንደሆነ ዘንግተነው ነበር።

ሶዶ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ደወልኩላት።

"አክስቴ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ቤት ትኖራላችሁ?"

"የት እንሄዳለን ልጄ?"

"ባለቤትሽም ቢኖር ጥሩ ነው። የምነግራችሁ ነገር አለኝ።"

"ምንድን ነው? አሁን ንገሪኝ እንጂ።"

"አይ፣ በስልክ አይሆንም። ቁጭ ብለን ነው።"

ስልኩን ስዘጋ በራሴ ደስ አለኝ። ቀኑ ተይዟል፣ ሰዓቱ ተይዟል፣ ምሥጢሩም አላመለጠኝም።

ቅዳሜ ከሶዶ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ብንቆምም አምስት ደቂቃ ቀድሜ ቦዲቲ አክስቴ ሰፈር ደረስኩ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ቀድሞ መድረስ ነውር ነው ብዬ አጥሩ ጥግ፣ ጭቃው ላይ ቆሜ ሰዓቴን እያየሁ ጠበቅሁ። ከወዲያ ማዶ አንዲት የሰፈሩ ሴት አየችኝና ከንፈሯን መጠጠች። አማርኛዋ የወላይታ ሰው አማርኛ ነው፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ትላለች።

"ልጄ፣ ለምን እዚያ ቆምክ? ግባ እንጂ። እግርህ እንቢ አለህ አይደል?" አለችና አቀፈችኝ።

ነገሩ አልገባኝም። ደግነቷ ነው ብዬ ገባሁ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሽማግሌዎች ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። አጥሩ ሥር የዕድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ከነምሰሶው ተጋድሟል። ቤት ውስጥ አክስቴ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ይዘዋታል። አንድ ሰው ሞቷል! ማን እንደሆነ አላወቅሁም፤ እኔ ብቻ ሳልሰማ የቀረሁ መሰለኝና እዚያው በሩ ላይ እሪ ብዬ አለቀስኩ።

እንግዲህ ያ ቤት ከረቡዕ ጀምሮ የጠበቀው ይህንኑ ነበር። ለቅሶዬን ሲሰማ በአንድ ድምፅ ተናጋ። አክስቴ ደረቷን መታች። ሴቶቹ ያዟት። ውጭ ያሉት ወንዶች ቆሙ፤ ሁለቱ ወደ ድንኳኑ ሲሄዱ በመስኮት አየሁ። እኔም ለቅሶው ሲብስ ባሰብኝ። የአክስቴ ባል ግድግዳ ተደግፎ እንደምንም ራሱን ገታና፣

"መቼ ነው የሞተው?" አለኝ።

"ማን?" አልኩት እንባዬን እየጠረግሁ።

"ልጃችን ነዋ!"

"እሱ ምን ሆነ?"

ነገሩ ያኔ ገባኝ።

"ደህና ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ምንም አልሆነም። እኔ በሥላሴ!"

ማንም አላመነኝም። እንዴትስ ይመኑኝ? መርዶ የሚያረዳ ሰው አንደበቱ የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው፤ መጀመሪያ ደህና ነው፣ ቀጥሎ ትንሽ አመም አድርጎታል፣ ከዚያም... ሁሉም ያውቀዋል። ሁለት እሑድ ዝምታ፣ ቤት ኑሩ የሚል ስልክ፣ በስልክ አይሆንም፣ ባልሽም ይኑር። አንድም ቃል ሳላጎድል የመርዶ ነጋሪን ሥራ ሠርቼአለሁ። የቀረኝ ጎህ ሲቀድ መምጣት ብቻ ነበር። እሱንም አንድ ሽማግሌ፣ "ፈረንጅ አገር በስምንት ሰዓት ይሆናል የሚያረዱት" ብለው አስረድተውልኛል አሉ።

"ድምፁን አሰሚኝ" አለች አክስቴ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ደወልኩ። አይነሳም። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ሥራ ላይ ስልካቸውን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ነው የሚገቡት። በስንተኛው ሙከራ እንደሆነ እንጃ፣ የምሳ እረፍታቸው ትዝ አለኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ተኩል ነው። "ስምንት ተኩል ሲሆን ይደውላል። እዚያ አገር እረፍት በደቂቃ አይዛነፍም" አልኳቸው። አክስቴ ስልኬን ከእጄ ወሰደችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ማንም አልሄደም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሱቅ ዘግተው የመጡ አሉ። ከገሱባ በዚያ ጭቃ መንገድ ከሌሊት ጀምረው የመጡ የባሏ ወንድም አሉ። ጎረቤቶች ቆጮና ጎመን፣ ቦዬ የሚሉት የተቀቀለ ሥር ሳይቀር በየሰፌዱ ይዘው መጥተዋል። ደብተሩን ገልጦ ይመቸኝ ይሆን ያለ የለም። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ሆላንድ ነበርኩ፤ በስልክ ነው የሰማሁት። ያቺ ጎረቤቴ እንዳትረብሸኝ ብላ በሩን ሳታንኳኳ፣ ያማረ ካርድ ጽፋ በደብዳቤ ማስገቢያው ሰደደችልኝ። ደግነቷን አልረሳውም። ግን አራት ቀን ከካርዱ ጋር ብቻዬን ተቀምጫለሁ። እዚያ ፍራሽ ጫፍ ላይ ሆኜ ባልሞተው በአክስቴ ልጅ ቀናሁ።

የዕድሩ ጸሐፊ ከበር ብቅ ብሎ ድንኳኑን ምን ያድርጉት ብሎ ጠየቀ። የአክስቴ ባል በቁጣ ሲያየው፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለን እኮ ነው" አለ፤ እንዳፈረ ያስታውቃል።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። አክስቴ በሁለት እጇ ይዛው ቀረች፤ እኔ ነክቼ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ምነው አምስት ጊዜ ደወልሽ?" አለ ልጁ።

አክስቴ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያያታል።

"ምሳ በላህ?" አለችው።

"እማዬ! አሁን ልበላ ነው። ዳቦ በአይብ ይዣለሁ።"

"ዳቦ ምሳ ነው?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ተጋባና ቤቱ በሳቅም በእንባም ተሞላ። አንተ ያለችኝ ሴትዮ "ጦሳ! ጦሳ!" እያለች በወላይትኛ ፈጣሪዋን ታመሰግናለች።

"ምንድን ነው ጫጫታው? እንግዳ አለ እንዴ?"

"አዎ። ሰዎች እንዴት ናችሁ ሊሉን መጥተው ነው" አለች አክስቴ፣ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን በአንድ እጇ እያስተካከለች።

"ነገረችሽ ታዲያ?"

"ምኑን?"

ለካ የመጣሁበትን ጉዳይ እስካሁን አልተናገርኩም።

"ለመስቀል እመጣለሁ እኮ! ትኬት ቆርጫለሁ። የምገባበት ቀን..."

"ተው!" አለችው፤ ሁላችንም ደነገጥን። "ቀኑን እንዳትነግረኝ። ረቡዕ ቀን ተሰጥቶኝ እስከዛሬ ምን እንደሆንኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዝም ብለህ ግባ።"