አንገቴ ላይ የሰማሁት ድምፅ

ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ጎብጬም ቢሆን ቀራንዮ ገበያ በእግሬ እወርዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ይቺንም በአንድ ጣቴ የምጽፋት ራሴ ነኝ።

ዛሬ ሐኪም ቤት ለጀርባዬ ብሄድ አንገቴን መረመሩኝ።

«ልጄ፣ እኔን የሚያመኝ ወገቤ ነው» አልኳት ዶክተሯን።

«አባባ፣ አከርካሪዎን ያደረቀው ብግነት ደም ስርዎንም ያደነድነዋል። የደም ግፊት መድኃኒቱን እየዋጡ ነው?»

የወገብ እንጂ የልብ በሽተኛ አይደለሁም ብዬ ካቆምኩት ሦስት ወር ሆኖኛል።

ቀጥ ብዬ መተኛት ስለማልችል ሦስት ትራስ ደረደረችልኝ። አንገቴን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ስታስጠጋ ከማሽኑ ድምፅ ወጣ። ሹ... ሹ... ክረምት ላይ ከድልድይ ሥር እንደሚሄድ ውሃ።

ዓይኔን ጨፈንኩ።

ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጆሮዋን አንገቴ ሥር ለጥፋ ነበር የምትተኛው። «ምን ታዳምጫለሽ?» ስላት «መኖርህን» ትለኝ ነበር። ለካ ይህን ነው ስትሰማ የኖረችው።

«አባባ፣ ተኙ እንዴ?»

«አልተኛሁም። ትንሽ አቆዪው።»

«ደም ስርዎ ትንሽ ጠብቧል፣ ግን ደሙ ይሄዳል። መድኃኒቱን ይቀጥላሉ?»

እሺ አልኩ። ከሠርጌ ወዲህ ሳልከራከር እሺ ስል ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

ከእናንተ ውስጥ ጀርባው ታሞ ደም ስሩን የተመረመረ ካለ፣ ምን እንዳሉት ይጻፍልኝ።

እኔ ገና ሳልሞት የምከፍለው ዕዳ አለብኝ። ሳንሱሲ ያለችው እህቴ ስትጠይቀኝ ኖራ እኔ አልሄድኩላትም። ጎረቤቴ ወንድሙ ሲሞትበት ለቅሶ አልደረስኩም። ባለቤቴ መቃብር ላይ አበባ እተክላለሁ ብዬ ነበር፤ እሱን ማንም ቀድሞኝ እንዳይተክል።