ከቆርቆሮው አናት የጻፍኩት አምስት

በ1970 ዓ.ም. አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፊደል ብዙም አልዘለቅሁም፤ ቁጥር ግን እጽፋለሁ። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቁጭ ብሎ ሩቅ አገር ያሉ ሰርቨሮችን፣ ትልልቅ ኮምፒውተሮችን ማለት ነው፣ በአንድ ትእዛዝ ያሰናዳል። ባለፈው ሳምንት ራሱን ይዞ ደረስኩበት።

«ምን ሆንክ?»

«አጎቴ፣ ለሁሉም የሚሆነው ባንድ ፋይል፣ የእያንዳንዱ ለየብቻው ይጻፋል። የራሱ ያለው የራሱን ይወስዳል፣ የሌለው የጋራውን። እኔ የአንዱን ከጋራው ከተትኩትና ሁሉም ተበላሹ። ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ መልሼ አስተካክላለሁ።»

እኔ ግን ያን ጊዜ መመለሻ አልነበረኝም።

ቁረይሻ አጠገብ፣ አንድ ሐጂ እርሻ ላይ አራት ትራክተር ነበር። የመዝሪያው ጥልቀት በቁጥር ነው፤ ሰሊጥ ላይ ላዩን በሁለት፣ ማሽላ ጠለቅ ብሎ በአምስት። ቁጥሩን ጧት ጧት ከምናድርበት ዳስ በር በተሰቀለ ቆርቆሮ ላይ በከሰል የምጽፍ እኔ ነበርኩ። ከአናቱ የሁሉም፣ ከስሩ የየትራክተሩ። ነጂው ከስር የራሱን ካጣ ያናቱን ይወስዳል። መጠየቅ የለም፤ ሐጂ ጠያቂ አይወዱም።

ደምሌ የሚባል የመተማ ልጅ ጓደኛዬ ነበር፤ ካንድ ትሪ የማሽላ ኪስራ በዌካ ወጥ የምንበላ። ሶስት ክረምት ስላገለገለ ሐጂ ሰላሳ ፈዳን መሬት ለራሱ እንዲዘራ ሰጡት። ሰሊጡ ከበቀለ ሁለት በሬ ይዞ እናቱ ዘንድ ሊገባ ነው። ያለውን ሁሉ ዘር ላይ አራገፈው።

የሚዘራበት ቀን ደረሰ። ሐምሌ ነው፣ ዘንቦ አድሯል። ሶስት ትራክተር የደምሌን ሰሊጥ፣ አንዱ የሐጂን ማሽላ ሊዘራ ነው። ደምሌ ራሱ የታዘዘው ከማሽላው ጋር ነው። እኔ ከአናት የነበረውን የሰሊጥ ሁለት አጠፋሁና የማሽላውን አምስት በቦታው ጻፍኩት።

«ተው እንጂ፣ ከስር በትራክተሩ ቦታ ጻፈው!» አለኝ ደምሌ።

«ስሩ እርጥብ ነው፣ ከሰል አይዝም።»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ እነዚህ ነጂዎች ቆርቆሮውን እንጂ ዘሩን መቼ ያያሉ?»

«በአፌ እነግራቸዋለሁ አልኩህ። አንተ ወደታዘዝክበት ሂድ፤ ቆርቆሮው የኔ ነው።»

ዳሱ ውስጥ ፉል ስበላ ነጂዎቹ ቆርቆሮውን አይተው ወጡ። የሞተሩን ድምፅ ሰማሁ። ሰሊጥና ማሽላ የማይለይ ነጂ የለም ብዬ ፉሌን አልተውኩም።

የጎረቤት ሰሊጥ አረንጓዴ ሲያወጣ፣ የደምሌ በአምስት ተቀብሮ መሬቱ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ዋልካውን በጣቱ ቆፍሮ የበሰበሰ ዘር አወጣና መዳፉ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ።

«ኸላስ፣ አለቀ» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዘርም የለ፣ የሰሊጥ ጊዜም አልፏል። ሐጂ መሬቱን መልሰው ማሽላ ይዘራበት አሉ።

የእህቴ ልጅ ስራውን አስተካክሎ ስቋል፤ ደስ ብሎኛል። ደምሌን ግን ኡም ጋርጉር፣ የስደተኛው ሰፈር፣ አየነው የሚሉ አሉ፣ ሞቷል የሚሉም አሉ። ሄጄ አልጠየቅሁም። ይቅርታ ማለት ያን ጊዜም አልወጣልኝ፣ አሁንም አይወጣልኝ። ሰው ሲያረጅ ይለዝባል ይላሉ፤ እኔ አልለዘብኩም።

ያኔ ሐጂ ማሽላ ይዘራበት ባሉ ማግስት ጧት፣ ቆርቆሮው ደርቆ ነበር። ከስሩ፣ በየትራክተሩ ቦታ፣ አምስት ጻፍኩና የደምሌን መሬት ማሽላ አዘራሁበት።