የታችኛው ድንጋይ

ምንዋጋው በደሃና ወረዳ ደም ሲያደርቅ፣ የገዳይንና የሟችን ወገን እያስታረቀ በቀል ሲያስቀር፣ ሠላሳ ዓመት ኖሯል። በ1990 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ ለሽማግሌዎች ወደተዘጋጀ ስልጠና ተጠራ። አንዲት ወጣት አሰልጣኝ ሰሌዳው ላይ «ድርድር» ብላ ጽፋ፣ «ቃሉ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀች። ምንዋጋው መቼ ዝም ማለት ያውቅና!

«ከመደርደር ነዋ፣ የኔ ልጅ። እኛ ዘንድ ድንጋይ ይደረደራል። የሟች ወገን ከላይ፣ የገዳይ ወገን ከታች፣ ሽማግሌ ከመሀል። ሰው ከድንጋዩ እስካልተነሣ ተስፋ አለ። ከተነሣ አለቀ።»

«እንግዲህ ሰጥቶ መቀበል ማለት ነው» አለች።

«ልጅ የሞተበት ምን ይሰጣል፣ ምንስ ይቀበላል? ቁጭ ማለት ነው እንጂ።» አዳራሹ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

በ1995 ቀን ጎደለበት። ልጁ ምሳው በመስኖ ውሃ ተራ ከባንቺ የበኩር ልጅ ጋር ተጣልቶ በሽመል ቢመታው፣ የተመታው ሳይነሣ ቀረ። ምሳው ወደ አበርገሌ ቆላ ሸሸ። ባንቺ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻ የነበሯት ሴት ናት። ታናሹ ጠመንጃውን አንግቶ ገዳዩን ፍለጋ እንዳይወርድ የያዘው የእናቱ ቃል ብቻ ነበር። እሷም ከስንት ልመና በኋላ «እሺ፣ ለእርቅ እቀመጣለሁ» አለች። የምሳው ነፍስ በዚያች እሺታ ላይ ነበረች።

ቀኑ ደርሶ ሰው የእርቁ ድንጋዮች ከተደረደሩበት ዋንዛ ሥር ተሰበሰበ። ባንቺ ከላይ ተቀመጠች። ሽምግልናን ከምንዋጋው የተማረው ጌታሰው መሀሉን ሊይዝ ቆሞ ይጠብቃል። ምንዋጋው መጣ፣ እጅ ነሣ፣ በከዘራው ሣሩን ገፋ አደረገና ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እግር ምን ይደረጋል፤ የተቀመጠው ከመሀል ነው።

«አያ ምንዋጋው» አለች ባንቺ፤ «ልጄን የገደለው የእርስዎ ልጅ፣ ዳኛውም እርስዎ?»

ዘሎ ተነሣ። «በሞቴ ባንቺ! ረስቼ ነው፣ እግሬ ነው የወሰደኝ!» ወደ ታችኛው ድንጋይ ሮጦ ተንበረከከ። እሷ ግን ነጠላዋን አራግፋ ተነሥታለች። ጌታሰው ሊለምናት ቢከተል «ከተነሡ አለቀ ያለው ማን ነው?» አለችው። ሕግ ለሌላ ሰው ሲወጣ ቀላል ነው። ምስኪን ምንዋጋው ማንን ይክሰስ?

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ታችኛው ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሰው ሲያየው መንገድ ይለውጣል። ባንቺም በዚያ በኩል ማለፍ ተወች። ሦስት ዓመት ተቀመጠ።

በ1998 የባንቺ ታናሽ ልጅ ምሳውን አበርገሌ ገበያ ላይ አገኘው። አንድ ጥይት ተኩሶ ገደለውና ተከዜን ተሻገረ።

የምሳው አርባ እንዳለፈ ጌታሰው መጣ። ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል «አባቴ፣ ደሙ ይድረቅ ብለን ነው። ባንቺ እሺ ብላለች» አለ። ምንዋጋው ከዘራውን ይዞ ተከተለው። ከዋንዛው ሥር ሲደርሱ ባንቺ ቀድማ ታችኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ምንዋጋው የቱ ጋ እንደሚቀመጥ ጠፍቶት ቆመ።

ጌታሰው ክንዱን ያዘው። «አባቴ፣ የእርስዎ ከላይ ነው።»