ሰባቱ የቅቤ ነጋዴዎች

የሴቶች ክፍል ብለው ያስገቡኝ የቀበሌው የእህል መጋዘን ነበር። ወለሉ ላይ የበቆሎ ፍርፋሪ ቀርቷል፤ ከሀዋሳ ሐይቅ የሚመጣው እርጥበት ግድግዳውን አሻግቶታል። ከቤቴ ሲወስዱኝ የያዙብኝ ማስረጃ አንድ ደብተርና አንድ ጠገራ ብር ነው። አብዮት ለመቀልበስ ይህን ያህል እንደሚበቃ ያወቅሁት እዚያ ነው።

ኢኮኖሚስት ነኝ፤ የማጠናው የገንዘብ ታሪክ ነው። የሚመረምረኝ ካድሬ ብሩ ላይ ያለውን ምስል በጥፍሩ እየፋቀ፣

"ይቺ ሴትዮ ማናት?" አለኝ።

"የአውሮፓ ንግሥት። ከሞተች ሁለት መቶ ዓመት ሊሆናት ነው።"

"ብሩ ግን አዲስ ነው። ሬሳ ነው የሠራው?"

በሦስት ሳምንት ውስጥ ከአፉ የወጣ ብቸኛ ብልህ ጥያቄ ይሄ ነበር። እሱ ግን የሰደበኝ መስሎት ሳቀ። እኔ ዓመታት የፈጀሁት በዚሁ ጥያቄ ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሯ በዚያው መልክ፣ የሞተችበት ዓመት እየታተመበት ሲቀረጽ ኖሯል፤ የእኛ ገበያ ሌላ አልቀበልም ስላለ። ነጋዴዎቻችን ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ፤ የጌጡ ፍሬዎች ካልቆረቆሯቸው ብሩን ይመልሳሉ። አውሮፓውያኑን ያዘዙት የቅቤ ነጋዴዎች ናቸው ማለት ነው። ይህን ያስረዱኝ አንዲት የሀዋሳ ገበያ እናት ነበሩ። ስማቸውን ትቼ ደብተሬ ላይ "የቅቤ ነጋዴ" ብቻ ብዬ ጻፍኩ። ጠንቃቃ መሆኔ ነበር።

ካድሬው ይህን አንብቦ በማግስቱ ጠዋት ከገበያ ያገኛቸውን ቅቤ ነጋዴዎች ሁሉ አስለቅሞ ፊቴ አሰለፈ። ሰባት ነበሩ። ሦስተኛዋ እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸውን ከእኔ አዞሩ። ከጫፍ የቆመችው ወጣት አራስ ስለነበረች ቀሚሷ ደረቷ ላይ በወተት ረጥቧል።

"ለኢምፔሪያሊስት ሰላይ መረጃ የሰጠችው የትኛዋ ናት?"

ወደ ሦስተኛዋ እንዳላይ ወለሉን አየሁ።

ብሩን ለመጀመሪያዋ ሰጠና "ተቀባበሉት! የምታውቀው ትደነግጣለች" አለ።

ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። የሰባቱም አውራ ጣት፣ የአንዷም ሳይቀር፣ የንግሥቲቱን ትከሻ ዳበሰ። ገበያ ለገበያ ስፈልገው የኖርኩት ማስረጃ በአንድ ረድፍ ቆሞልኛል። አወይ ጅል! እሱ ፊት ፊታቸውን ነበር የሚያየው፤ እጅ ማየት ማን አስተምሮት።

"እንግዲያው ሰባቱም እዚሁ ይከርማሉ" አለ።

አራሷ ማልቀስ ጀመረች።

"ማንም የነገረኝ የለም" አልኩት። "ከራሴ ፈጥሬ ነው።"

"ፈርሚያ!"

"በደብተሩ ያለው ሁሉ የራሴ ፈጠራ ነው" ብዬ በእጄ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለተመራማሪ ከዚህ የከፋ ሞት የለም። እሱ ግን የተማረ ሰው አዋረድኩ ብሎ ደረቱን ነፋ። ሴቶቹን ከሰዓት በኋላ ለቀቃቸው። የገበያዋ እናት ሲወጡ "አይዞሽ፣ ልጄ" አሉኝ። ካድሬው አጠገባችን ቆሞ ሰማ፤ ያኔም አልገባውም።

እኔ ሁለት ዓመት ቆየሁ። ደብተሩን አልመለሱልኝም፤ ስፈታ ገበያውን እንደገና ዞሬ ጥናቱን ሀ ብዬ ጻፍኩት። አሁን ወጣት ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን መዛግብት ይፈትሻሉ ሲባል እሰማለሁ። አንድ ቀን ያቺን ወረቀት አግኝተው ይጠይቁኝ ይሆናል። አዎ፣ ፊርማው የእኔ ነው እላቸዋለሁ። ከጻፍኩት ሁሉ ውሸት ያቺ ወረቀት ብቻ ናት፤ ዛሬም ቢያመጡልኝ እፈርምባታለሁ።