ዝጎ እምቢ ያለው ቡሎን

በማግስቱ የእህቴን ሠርገኞች ከደብረ ታቦር አንበሳሜ ማድረስ ነበረብኝ። ስለዚህ ያለቁትን የፒካፔን የፊት እግር ጎሚኒዎች፣ ንዝረት የሚያበርዱትን ላስቲኮች፣ ልቀይር ብዬ፣ ግቢዬ ውስጥ በክሪክ አንሥቼ፣ በግንድ አስደግፌ ሥሯ ገባሁ። አንዱ ቡሎን ግን ዝጎ እምቢ አለ። ስታገለው ጭቃ የነካው ቦቲ ጫማ አጠገቤ ቆመ። ጎረቤቴ ደሳለኝ መሰለኝ።

«አንተ፣ ምን ይገትርሃል? መዶሻውን አንሣና ከውጭ ምታልኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

መታ።

«ጠንከር አድርገህ! ቁርስ አልበላህም እንዴ?»

በሦስተኛው ምት ቡሎኑ ወጣ። በደስታ ተንፏቅቄ ብወጣ፣ የነፍስ አባቴ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ መዶሻውን እንደያዙ ቆመዋል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባ፣ ይፍቱኝ! እርስዎ መሆንዎን መች አወቅሁ!»

«ዛሬ ዓርብ አይደል? ቁርስ ከየት ይመጣል?» አሉ፣ በሳቅ እየተንፈቀፈቁ። «በል ተመልሰህ ግባ፣ ያኛውንም ጎን ልምታልህ።»