ከዳቦ የተሠራው መቁጠሪያ

ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ታሪክ ነው፣ ስሙኝማ። ልጅ ሳለሁ ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያኔ አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ በቆሎ የሚጠበስበት ከሰል ዳር ይቀመጡና ከኮታቸው ኪስ መቁጠሪያቸውን ያወጣሉ።

መቁጠሪያ ስል የተገዛ አይደለም። በደርግ ጊዜ ታስረው ሳለ ከሚሰጣቸው ዳቦ እየቆነጠሩ፣ እያድቦለቦሉና እያደረቁ በብርድ ልብስ ክር የሰኩት ነው። አንዱ ፍሬ አንድ ሰው ነው፤ ስሙ ተጠርቶ ከክፍላቸው የወጣና ያልተመለሰ። ጸሎታቸውም ይኸው ነበር፦ ፍሬውን ይዘው ስሙን ይጠራሉ፣ ሰውየው በምን ያስቃቸው እንደነበር ይተርኩልናል፣ «ነፍስ ይማር» እንላለን፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

ችግሩ ሰሚራ ናት፣ የጎረቤታችን ልጅ። የእኔን አያት «አባባ» ማለቷ ሳያንስ መቁጠሪያውን የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ስሞቹን በተራ ታውቃቸዋለቻ! እኔ ደግሞ አባባ ሳይጨርሱ ማስረዳት እጀምራለሁ።

«አንቺ አፍሽ ይቀድማል፣ እሷ ጆሮዋ» ይሉኛል። በቅናት እርር እላለሁ።

አንድ ቀን መቁጠሪያውን ከኮታቸው ኪስ አውጥቼ የክሩን ቋጠሮ ፈታሁ፣ የመጨረሻውን ፍሬ አስቀርቼም መልሼ ቋጥሬ ከተትኩት። ሰሚራ ትሳሳታለች፣ በቃ፣ ተራው የእኔ ይሆናል ብዬ ነው። የአባባን ኮቴ ስሰማ ደንግጬ ፍሬውን አፌ ውስጥ ከተትኩት። ዳቦ ዳቦ ነው፤ ምላሴ ስር ለሰለሰ፣ ፈረሰ፣ ዋጥኩት።

ሲመሽ ሰሚራ መጨረሻው ላይ ደረሰች። «አባባ፣ ጋሽ ደምሴ የሉም።»

አባባ በጉልበታቸው ተንበርክከው በፍሙ ብርሃን መሬቱን ይዳብሱ ጀመር። ያን ማየት አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ። በላሁት።»

«አስተግፊሩላህ! ሰው በላች!» አለች ሰሚራ።

የአባባ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁም ነው።

«ደምሴ ድርሻውን ለታመመ ሲያካፍል ነበር የኖረው፤ ዛሬም አካፈለ» አሉ። «ከእንግዲህ እሱን የምትጠሪው አንቺ ነሽ። ፍሬ የለውምና እንዳትረሺው።»

«ለኔም አንድ ይስጡኝ፣ ልብላ!» አለች ሰሚራ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ ቀናች።

አባባ ካለፉ ቆዩ፣ ግቢውም ፈርሷል። መቁጠሪያው ሰሚራ ጋ ነው፤ አልዋሽም፣ ዛሬም እቀናለሁ። እኔ ግን ሲመሽ «ደምሴ» ሳልል አልተኛም። እናንተም ሞክሩት። የምታውቋቸው አንድ ትልቅ ሰው ዘንድ ሂዱና «ማንን ነው የሚያስታውሱት?» በሏቸው፤ ከዚያ ግን እንደ እኔ አትቸኩሉ፣ እስኪጨርሱ ዝም ብላችሁ አድምጡ።