የባረክኋት ፍየል

ሸማ ተራ ጋቢ ከሚሸጥ ሙስሊም ጓደኛዬ ጋር ገበያ ሲቀዘቅዝ ሱቁ ውስጥ ካርድ እንጫወታለን። ካርዶቹ ላይ የተሳሉት አውሬዎች እርስ በርስ ይዋጋሉ። እሱ ለአውሬዎቹ እንደ ልጅ ይሳሳል፤ ሁልጊዜም ያሸንፈኛል። እኔ ደግሞ ወረቀት ናቸው ባይ ነኝ። ይህንኑ ላሳየው ደካማ ፍጥረታትን ብቻ ሰብስቤ አዲስ የመጫወቻ ካርድ ጥቅል ሠራሁ። በዚህ ጥቅል የራሴን ፍጥረት በሠዋሁ ቁጥር የእሱ የጨዋታ ነፍስ ይቀንሳል፤ ነፍሱ ያለቀበት ይሸነፋል።

«የገዛ ቤቱን የሚፈጅ ሰው አየሁ» እያለ ሳቀብኝ። ሳቁ ግን አልቆየም።

በመጨረሻ አንዲት ፍየል ቀረችኝ። እሷን ከሠዋሁ አለቀለት። ካርዷን ልገለብጥ ስል አፌ ሳያስፈቅደኝ «በስመ አብ» አለ።

ጓደኛዬ ካርዶቹን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «በል እንግዲህ፣ የክርስቲያን ሥጋ ሆነ። እኔ አልነካውም።»

«አሸንፌያለሁ እኮ።»

«አሸንፈሃል። ወረቀት የሚባርክ ሰው ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

ሰው ከልማዱ እንዲላቀቅ ስንት ገጽ የጻፍኩ ጸሐፊ ነኝ። ፍየሏን ግን ከተሠዉት ጋር መደባለቁ ከበደኝና ለብቻዋ ኪሴ ከተትኳት።